የባንኮክ ሳንቲም ዓመተ ምሕረት

እትዬ ዘይነብ ሱሪ ያሳጥራሉ። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ እኔም እሳቸውም በምንኖርበት ሕንፃ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አላቸው። ፊሊፒናዊውም፣ ናይጄሪያዊውም፣ የኛም ሰው ሱሪ ሲረዝምበት ወደ እሳቸው ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛ ብዙ አይችሉም። ሰውየውን መስታወት ፊት ያቆሙና ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርገው «ሂር?» ይላሉ። ሰውየው «የስ» ካለ ነገሩ አለቀ። ሁለት ጊዜ ለክተው አያውቁም፤ ተሳስተውም አያውቁም ይባላል።

ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ኢቶቢኮ በሚገኝ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ ሲያጥፉ ኖረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ነው ቤት የዋሉት። እኔም እዚያው ኢቶቢኮ፣ አየር ማረፊያው አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት በአንድ ባቡርና በአንድ አውቶቡስ አብረን እንሄድ ነበር። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ልጃቸውን ኸይረዲንን ያነሱልኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ኸይረዲን የበኩር ልጃቸው ነው። እትዬ ዘይነብ መርካቶ የልጆች ልብስ ይሸጡ ነበር። ባላቸው ቀድመው ስለሞቱ ልጁ በሃያ ሁለት ዓመቱ ባንኮክ መመላለስ ጀመረ። እዚያ ካሉት ትልልቅ የልብስ ገበያዎች ሸሚዝና ቀሚስ ይገዛል፣ በካርጎ ይልካል፣ እናቱ ይሸጣሉ። አንዳንዴ አንድ ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ወር ይቆያል። በኅዳር 2001 ዓመተ ምሕረት፣ አረፋ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ደወለ። «እማ፣ ሰልፈኞች አየር ማረፊያውን ዘግተውታል። ሲከፈት በመጀመሪያው በረራ እመጣለሁ፤ ለአረፋ ቤት ነኝ» አለ። አየር ማረፊያው ተከፈተ። አረፋም ገባ። ኸይረዲን ግን አልመጣም። ሰው ተላከ፤ ያረፈበት ቤት ተጠየቀ፣ ሆስፒታልም እስር ቤትም ተጠየቀ። አየሁት የሚል አልተገኘም። ሞቷል የሚልም አልተገኘም።

ልጃቸው ፈትሂያ በ2004 ስፖንሰር አድርጋ ወደ ቶሮንቶ ስታመጣቸው፣ የመርካቶውን ቤት የመስመር ስልክ ለጎረቤታቸው በአደራ ሰጥተው ነው የመጡት። ልጁ በቃሉ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። የስልኩን ሒሳብ እስከ ዛሬ ከዚህ ይልካሉ።

ስለ ቀን አቆጣጠራቸውም አንድ ነገር ልናገር። እትዬ ዘይነብ የሕይወታቸውን ነገር ሁሉ የሚቆጥሩት በኛው አቆጣጠር ነው፤ ያገቡበትን፣ የወለዱበትን፣ ባላቸውን የቀበሩበትን። ጾምና በዓሉን በጨረቃ። የካናዳውን ደግሞ «የሐኪም ቀን» ይሉታል፤ ቀጠሮ የሚጻፍበት ስለሆነ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። እኔ ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው እዚህ አገር፤ የሰው ፎርም እሞላለሁ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር በደንብ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው መኸር ፈትሂያ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። «እማዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ሰደቃ እናውጣለት፣ ዱዓ እናድርግለት። እንደ ሞተ እንቁጠረውና እንረፍ።» እናትየዋ ከዚያ በፊት ይህን ሲሰሙ ተነስተው መኝታ ቤት ይገቡ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ከተቀመጡበት ሳይነሱ «እሺ» አሉ። ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተቆረጠ። ከሕንፃው ምድር ቤት ያለው የጋራ አዳራሽ ተያዘ። ዱዓውን እንዲያደርጉ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የሚኖሩት ሀጂ ሸምሰዲን ተነገራቸው።

ፈትሂያ ታኅሣሥ ላይ ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ሄዳ ስትመለስ አንዲት ትንሽ የትከሻ ሻንጣ ይዛ መጣች። ያዕቁብ የሚባል፣ ባንኮክ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ካርጎ ሲልክ የኖረ ሰው፣ መጋዘኑን ዘግቶ አገሩ ሲገባ ከዕቃ ሥር ያገኛት ናት። ወረቀት ተለጥፎባታል፤ «ኸይረዲን» ይላል፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ። ኸይረዲን መቼ እንዳስቀመጣት ያዕቁብ አያስታውስም። «ስንቱ ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል፣ እህቴ። ስንቱን ልቁጠረው?» ነው ያላት። ሻንጣው ውስጥ አንድ ጥቁር ጃኬት ነበር። በጃኬቱ ኪስ ደግሞ አሥራ አንድ ሳንቲም። ሌላ ምንም የለም፤ ደረሰኝ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ፓስፖርት የለም።

በማግሥቱ እትዬ ዘይነብ አስጠሩኝ። ሳንቲሞቹን የስፌት መኪናው ላይ ደርድረዋቸዋል።

«ታዴ፣ ና ይሄን አንብብልኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ የታይ ጽሑፍ ነው። እኔ እንዴት አድርጌ…»

«ሰው የጻፈውን ሰው ያነበዋል። ፎርም ስትሞላ አይቼህ የለ?»

አነሳሁት። በአንድ በኩል መነጽር ያደረገ ሰው ፊት፤ ንጉሡ መሆን አለበት። በሌላው በኩል የታጠፈ ሽቦ የመሰለ ፊደል። ትልቁ ሳንቲም ጠርዙ ነጭ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ነው፤ የዚህ አገር ባለ ሁለት ዶላሩን ይመስላል። መሐሉ ላይ ሽቅብ የሾለ ሕንፃ አለ።

«እዚያ ላይ ያለውን አየኸው? ሚናራ ነው» አሉኝ። «መስጊድ አጠገብ ነበር የሚያድረው። ነግሮኛል።»

«ስንት እንደሆነ ነው የፈለጉት፣ ዋጋው?»

«ዋጋውን ምን ላደርገው! ዓመቱን ነው። የኛ ሳንቲም ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር አለ አይደል? እዚህም ይኖራል። ሳንቲም ሳይወለድ ኪስ አይገባም። ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ልጅ መቼ እንደተወለደ ንገረኝ። ከኅዳሩ ስልክ በኋላ ከሆነ፣ ልጄ ከዚያም በኋላ በእግሩ ሄዶ ሻንጣውን ያዕቁብ ጋ አስቀምጧል ማለት ነው። በፊት ከሆነ…»

«በፊት ከሆነስ?» አለች ፈትሂያ ከማድ ቤቱ በር ላይ።

«በፊት ከሆነ ቅዳሜ ሰደቃው ይወጣል።»

«እማዬ፣ በፊትም ሆነ በኋላ ይወጣል ተባብለናል እኮ!»

«ያኔ ሳንቲም አልነበረኝም» አሉ።

በሥራ ቦታዬ ኖይ የምትባል የታይላንድ ሴት አለች፤ ሾርባና ሩዝ የምትሠራው እሷ ናት። በምሳ ዕረፍት ሳንቲሞቹን በላስቲክ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ስከፍተው አንዷ አመለጠችና በሲሚንቶው ላይ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ተንከባለለች። በጫማዬ ረግጬ አቆምኳት።

ኖይ ጮኸች። ወጥ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። ተንበርክካ እግሬን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው፤ እኔን አልገፋችኝም፣ እግሬን ብቻ። ሳንቲሟን በሽርጧ ጠርጋ ግንባሯን አስነካቻት።

«ንጉሡ እኮ ነው! ራሱ ላይ ቆምክ!»

«ይቅርታ። የኛ ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳ ነው» አልኳት፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

«አንበሳም ቢሆን አትርገጠው!» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ አስተማረችኝ። በትእዛዝ ወረቀት ጀርባ ላይ አሥሩን ቁጥሮች ጻፈችልኝ። ዜሮዋ ክብ ናት፤ የማውቀው እሷን ብቻ ነበር። አንድ ቀንድ አውጣ ይመስላል። አራትና አምስት መንትያ ናቸው፤ አምስት አናቷ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለባት፤ እሷን ያላየ አሥር ዓመት ይስታል። ከዓመቱ በፊት ሁለት ፊደል ከነነጥቦቻቸው አሉ። «ይሄ ዓመቱ ከቡድሃ ዕረፍት ጀምሮ ነው የተቆጠረው ማለት ነው» አለችኝ። እንደኛ «ዓ.ም.» መሆኑ ነው። ሚናራ የመሰለውን ስጠይቃት ወንዝ ዳር ያለ ቤተ መቅደስ ነው፣ የንጋት ቤተ መቅደስ ይባላል አለች። አናቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች ዓይነ ስውር በጣቱ እንዲያነባቸው የተቀመጡ ናቸው።

አሥራ አንዱንም አየናቸው። ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ 2530 ይላል፣ ሌሎቹ 2539፣ 2546። ባለ ሁለት ቀለሙ ግን ያብረቀርቃል። ኖይ ወደ መብራቱ አስጠግታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። ሁለት፣ አምስት፣ አምስት፣ አንድ።

«2551። ከዚህ ላይ 543 ቀንስ።»

«የናንተ እንዲህ ሩቅ ነው?» አልኳት። «የኛ ከፈረንጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው።»

«እንግዲህ እኛ ቀድመናችሁ ሄደናል። ቶሎ ቶሎ ተራመዱ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ይህን ከአፌ አውጥቼ ተናግሬዋለሁ። ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ቀነስኩ። 2551 ሲቀነስ 543፣ 2008። ኸይረዲን የደወለው በ2001። ሰባት ዓመት! ከስልኩ በኋላ ሰባት ዓመት! ባቡር ውስጥ ደግሜ ቀነስኩ፤ ያው ነው። አንባቢ ስሕተቱን ከኔ ቀድሞ አይቶት ይሆናል። እኔ ግን አላየሁትም። 2001 ከእትዬ ዘይነብ አፍ የወጣ ነው፣ 2008 ከሳንቲሙ የወጣ፤ ሁለቱም ዓመት ናቸው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አቁሜ ልዩነቱን ቆጠርኩ። የቸኮለ ሰው እንደዚህ ነው።

ሊፍቱ ስለዘገየ አሥራ አራቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። እትዬ ዘይነብ በሩን ሲከፍቱ ትንፋሼ አልተመለሰም ነበር።

«ሁለት ሺህ ስምንት» አልኩ።

«ምን?»

«የሳንቲሙ ዓመት። ሁለት ሺህ ስምንት ነው።»

ቆመው አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠሩ ነበር። ከዚያ በሩን እንደያዙ ቀስ ብለው ተንሸራተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ሰባት ዓመት» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ነበር። እኔ ስልኩ ጋ ስቀመጥ እሱ በሕይወት ነበር። አልሐምዱሊላህ።» እጄን ይዘው ሳሙት። እኔን በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን ሰው እጄን ሳሙኝ።

የቅዳሜው ሰደቃ ቀረ። ሀጂ ሸምሰዲን ተነገራቸው፤ አዳራሹ ተለቀቀ። እትዬ ዘይነብ መርካቶ ለጎረቤታቸው ደውለው በአደራ ያስቀመጡትን ስልክ ድምፁን ከፍ እንዲያደርጉት ለመኑ። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ ነገሩት፤ አማርኛ ለማይሰማውም «ማይ ሰን፣ አላይቭ» እያሉ።

ፈትሂያ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ድረስ ኮል አድርጋ ጮኸችብኝ። «ጋሽ ታዴ፣ ምን አደረግክ? ፋይናሊ አክሴፕት አድርጋ ነበር እኮ! እንደገና ከዜሮ አስጀመርካት!» በሦስተኛው ቀን ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ባንኮክ ያሉ ኢትዮጵያውያን የሚጻጻፉበትን ገጽ ፌስቡክ ላይ አግኝታ የወንድሟን ፎቶ ለጥፋለች። «ሰባት ዓመት ከኖረ እኮ አግብቶ ይሆናል» አለችኝ ሊፍት ውስጥ። «ልጅ ይኖረው ይሆናል። አክስት ነኝ ማለት እኮ ነው።» ያን ያህል ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሰገነት የምትባል በቅርቡ የመጣች ልጅ ፎርም ልሞላላት ቤቴ መጣች። የልደት ቀኗን ጠየቅኳት።

«ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ዘጠና ሁለት።»

እንደ ልማዴ እጄ ራሱ ሄደ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለ ቀን ከሆነ ሰባት ይደመራል፤ 1999 ብዬ ጻፍኩ። «ሰባት ነው የሚደመረው?» አለች ልጅቷ። «አዎ፣ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት» አልኳት። እስክሪብቶው እዚያው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀለሙ ነጥብ ሠራ።

ሰባት። ኅዳር 2001 ላይ ሰባት ሲደመር 2008።

ኸይረዲን ኖሯቸዋል ያልናቸው ሰባት ዓመታት ማንም ያልኖራቸው ናቸው። በሁለት አቆጣጠር መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነው። እኔ ነኝ ሰው ያስገባሁበት።

«ጋሼ፣ አሞሃል?» አለችኝ ሰገነት። ፎርሙን አበላሽቼው ስለነበር ሌላ እንድታመጣ ለመንኳት።

መጀመሪያ የነገርኩት ለፈትሂያ ነው፤ እናትየው ፊት መቆም ስላልቻልኩ። ምድር ቤት የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ አገኘኋት። ከሥራ እየገባች ነበር፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሒሳቡን የጻፍኩበትን ወረቀት አውጥቼ አሳየኋት። ብዙ አላስፈለጋትም፤ ገና ሳልጨርስ ገባት። ሣጥኖቹን ተደግፋ ቆመች።

«እኔም አላየሁትም» አለች። «ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እኔም አላየሁትም። ማየት አልፈለግኩም መሰለኝ።»

«ሄጄ ልንገራቸው።»

«አትንገራት። ረመዳን ይለፍ። ፕሊስ፣ ጋሽ ታዴ።»

«በዚህ መሐል እኮ ሰው ሁሉ…»

«ዛሬ ጠዋት እየዘፈነች ነበር» አለች። «እማዬ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ወር ብቻ ስጣት።»

እሺ አልኩ። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ሊፍቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚቆም ሲመስለኝ በደረጃ እወርድ ነበር። ኖይ፣ ነገሩን ነግሬያት ስለነበር፣ «የሴትዮዋ ልጅ ተገኘ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳህኑን አጥብቄ እፈትጋለሁ።

በአሥረኛው ቀን እትዬ ዘይነብ ራሳቸው በሬን አንኳኩ። «ጠፋህ። ሱሪህ እንዳጠረህ ነው የምትሄደው፣ ና ልልቀቅልህ» አሉኝ። ተከትያቸው ወጣሁ። የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠው ሱሪ አልነበረም። የኸይረዲን ጥቁር ጃኬት ነው። አንደኛውን የትከሻ ስፌት ፈትተው፣ ሁለተኛውን በምላጭ እየፈቱ ነበር።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«እያሰፋሁለት ነው። ሲሄድ ገና ልጅ ነበር። ሰው በሠላሳዎቹ ትከሻው ይሰፋል፤ አባቱም ከሠላሳ በኋላ ነው የሰፋው። አሁን አርባ አንድ ሆኖታል። ሲመጣ ይጠበዋል።» ምላጩን አነሱ። «ትርፍ ጨርቅ አለው፤ ጥሩ ጃኬት ነው።»

«እትዬ፣ አይፍቱት» አልኩ።

«ለምን?»

ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው በደንብ አላስታውስም፤ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ መጀመሪያው ሳልመለስ አልቀረሁም። ምላጩ መፍታቱን አላቆመም፤ ሦስት አራት ክር ተቆረጠ። ከዚያ ቆመ። እትዬ ዘይነብ ሠላሳ ዓመት መርካቶ ሸጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሒሳብ ከኔ ይልቅ ለእሳቸው ይቀርባል።

«ኅዳር ሁለት ሺህ አንድ በነሱ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ ስምንት። ኖቬምበር።»

«ሳንቲሙስ በነሱ?»

«ሁለት ሺህ ስምንት።»

«ያው ዓመት ነው።»

«ያው ነው።»

«ከስልኩ በፊት ነው ሻንጣውን ያስቀመጠው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ከስልኩ በኋላስ?»

«እሱም ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙ ከዚህ ዓመት ወዲህ ነው ይላል እንጂ እስከዚህ ነው አይልም።»

«እንግዲያው ምንም አያውቅም።»

«ምንም አያውቅም፣ እትዬ።»

ከታች መንገዱ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና እየጮኸ አለፈ። ይሰድቡኛል፣ ያስወጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። «ፎርም የሞላህላቸውን ሰዎች አላህ ይሁናቸው» አሉ በመጨረሻ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጥቶ ጠፋ። ከዚያ ጃኬቱን ከፍ አድርገው ያዙት፤ አንዱ እጅጌ ከትከሻው ተላቆ ተንጠልጥሏል።

«አሁን ይሄን ምን ላድርገው?» አሉኝ። «እንደነበረ ልስፋው ወይስ እንዳሰብኩት ላስፋው?»

ጃኬቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ክሩን እየለቀሙ ቀሩ።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ዱዓው ሆነ። «በፊት ከሆነ ይወጣል ብዬ ነበር፤ በኋላ ከሆነ አይወጣም ብዬ ነበር። ሳንቲሙ የማያውቅ ከሆነ እንግዲህ እናንተ እንዳላችሁ» አሏት እትዬ ዘይነብ ፈትሂያን። ደክሟቸው ነበር። አዳራሹ ሞላ። ሰዉ የበረዶ ጫማውን በሩ ላይ እያወለቀ ገባ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወንበር ሳመላልስ ቆይቼ በሩ ጋ፣ ጫማዎቹ አጠገብ ቆምኩ።

ሀጂ ሸምሰዲን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ነገር አያድበሰብሱም። ከመጀመራቸው በፊት ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረው ሁሉም እየሰማ ጠየቁ።

«ዘይነብ፣ ዱዓ ለሕያውም ለሙትም ይደረጋል፤ ችግር የለውም። ግን አፌ አንዱን መያዝ አለበት። አላህ ይማረው ልበል ወይስ አላህ ያምጣው ልበል?»

አንድ ሕፃን ብቻ ያጉተመትም ነበር። ፈትሂያ የእናቷን ክንድ ያዘች። እትዬ ዘይነብ ቀና ብለው ሰዉን ሁሉ አቋርጠው እኔን አዩኝ፤ አሁንም አንዳች የማነብላቸው ነገር ያለ ይመስል። ዓይኔን ወደ ጫማዎቹ መለስኩ።

«ስሙን ብቻ ይጥሩት፣ ሀጂ» አሉ።

«ስሙን ብቻ?»

«እርግጠኛ የሆንኩበት እሱ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። በዐረብኛ ጀምረው ምስጋናውን አደረሱ፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አወረዱ፣ ለታመሙ፣ በመንገድ ላሉ፣ ቀድመው ላለፉ ለመኑ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኸይረዲን፣ የዘይነብ ልጅ» አሉና ቆሙ።

ሰዉ እጁን እንደዘረጋ ቀጣዩን ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ከወንዶቹ አንዱ «አ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ሌላው ወደ ጎኑ ያለውን አየ። መቼ «አሚን» እንደሚባል የሚያውቅ ስላልነበረ የተዘረጋው እጅ ሁሉ እንደተዘረጋ ቆየ።